ባልዲ ውስጥ የሰጠመው ደብተር

ደብተሩን ባልዲ ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ። ይህችን አንዲት ቃል ለመናገር አራት ቀን ፈጀብኝ። በአራቱ ቀን ውስጥ ልጄ የልቧን ሰው ከቤት አባረረችው፤ እኔም የገዛ እጄን ተጠየፍኩት።

ነገሩ የጀመረው ከመታጠቢያ ቤታችን ግድግዳ ነው። ከሴራሚኩ ጀርባ ውሃ ስንት ዓመት ሲንጠባጠብ እንደኖረ የሚያውቅ የለም። የመጀመሪያው ሴራሚክ ሲነሳ ከኋላው ጥቁርና የሚያዳልጥ፣ ጸጉር ያበቀለ የሚመስል ነገር ብቅ አለ። ሽታው እስከ መኝታ ቤት ተከተለን፤ ትራሴ ላይ ሳይቀር አገኘሁት። እኔ በሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት የሰው አንሶላ ያጠብኩ ሴት ነኝ። ከሰው የሚወጣ እድፍ ያላየሁት የለም። ያን ግድግዳ ሳይ ግን ምሳዬ ተመልሶ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

ግድግዳውን አፍርሶ እንደገና የሚሠራልንን ሰው «ውሃልክ» ይሉታል። በመሥሪያ ዕቃው ነው ስሙን ያወጡለት፤ ግድግዳና ወለል መስተካከሉን በአረፋዋ በምታሳየው መለኪያ። ሰውየው ያዘመመ ነገር አይቶ ማለፍ አይችልም። ቤታችን የገባ ቀን፣ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ፣ ሳሎን የተሰቀለውን የልጄን የምረቃ ፎቶ በጣቱ ገፋ አደረገና «ሁለት ሚሊ ዘሞ ነበር» አለ። መስታወቱ ላይ የሲሚንቶ ጣት አሻራ ቀረ፣ ልክ በልጄ ጉንጭ ላይ። እሱ ዞር ሲል በጨርቅ ጠረግኩት። ሁለት ጊዜ።

አስጠላኝ፤ ምን ልበል። ቅንድቡ ላይ የደረቀ ሲሚንቶ አለ። ጥፍሩ ሥር ነጭ ነገር ተጋግሯል። ከሁሉ የባሰው ደብተሩ ነው። የቀን ሥራውን የሚጽፍበት ወፍራም ደብተር ነበረው፤ ሽፋኑ በላብና በጭቃ ጠቁሯል፣ እስክሪብቶው በክር ታስሮ ይንጠለጠላል። ገጽ ሊገልጥ ሲል አውራ ጣቱን ይልሳል። ያን ጣት! ጥዋት ሙሉ የበሰበሰ ግድግዳ ሲፍቅ የዋለበትን! ሲልስ ባየሁ ቁጥር ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞራለሁ።

ልጄ ደግሞ ሌላ ናት። ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ቀኑን ሙሉ በጓንት የሰው ደም ትመረምራለች። ሁሉ ነገሯ ስልኳ ውስጥ ነው። እድሳቱን ስትጀምር ስልኳ ላይ ለብቻው ቦታ ከፈተችለት፤ ወለል፣ ግድግዳ፣ ቧንቧ፣ መብራት እያለች በየረድፉ አስቀመጠችው። ፎቶ ታነሳለች፣ ልኬት ታስገባለች፣ ሰዓቱ ሲደርስ ስልኩ ይጮህላታል። ውሃልክንም የመልእክት ቡድን ከፍታ አስገባችው። ቡድኑ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ታናሽ እህቴ ይህን ስትሰማ፣ «ሁለት ሰው ቡድን ይባላል እንዴ? የሱ ስም ሌላ ነው» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

አንድ ምሽት ልጄ ከሥራ ገብታ በሩ ላይ ቆማ ስትነታረከው ሰማኋቸው።

«ስንት ረድፍ እንደሠራህ ላክልኝ አላልኩህም?»

«ልኬልሻለሁ።»

«የላክኸው የአውራ ጣት ሥዕል ነው!»

«አዎ። ሠርቻለሁ ማለቴ ነው።»

«ስንት ረድፍ?»

«እሱ ደብተሬ ላይ አለ።»

«ደብተርህ ቢጠፋስ?»

«ስልክሽስ ቢወድቅ?»

«ስልኬ ቢወድቅ የገባበት አይጠፋም፤ በሌላ ስልክ አወጣዋለሁ።»

«የኔም ደብተር ቢወድቅ ጎንበስ ብዬ አነሳዋለሁ።»

ልጄ ሳቋን ልትይዝ ሞከረች፤ አመለጣት። «እሺ ይኸውልህ» አለችና ስልኳን ወደ ፊቱ አስጠጋች። «ቧንቧው በፎቶ አለ። ደብተርህ ይህን ማሳየት ይችላል?»

«ፎቶው ቧንቧ መኖሩን ያሳያል። ከወለል ስንት ሴንቲ ላይ እንዳለ ይነግርሻል?»

«ስንት ላይ ነው?»

ጣቱን ላሰና ገለጠ። «መቶ አስር።»

«መቶ አስር» ብላ ጻፈች። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ሁለት ባልዲ ገልብጠው ጎን ለጎን ይቀመጡ ጀመር። እሱ ከደብተሩ ያነባል፣ እሷ ስልኳ ላይ ታስገባለች። በየሳምንቱ አንድ ሰዓት። አንዳንዴ ያነበበውን ድገምልኝ ትለዋለች። ልጄ ደግሞ ጆሮዋ ደህና ነው። እኔ ኩሽና ሆኜ ያን «ድገምልኝ» በሰማሁ ቁጥር የድስቱን ክዳን አንኳኳ ነበር።

*

ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት መድኃኒት ሲታዘዝልኝ፣ ደብዳቤ ሲመጣ፣ ሁሉን የምታነብልኝ ልጄ ነበረች፤ ገና የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለች ጀምሮ። ዛሬ ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ በሳምንት ሦስት ቀን ለትልልቆች የሚሰጥ ትምህርት እማራለሁ። ያየሁትን ሁሉ አነባለሁ። የሳሙና ካርቶን አነባለሁ፣ የሱቅ ስም አነባለሁ፣ አውቶቡስ ውስጥ የሰው ጋዜጣ በትከሻ በኩል አነባለሁ። በጣቴ እየተከተልኩ፣ በከንፈሬ እያልኩ፣ አንዱን መስመር ሃያ ጊዜ ካልደጋገምኩ አይገባኝም። ሃያ ጊዜ ያልኩት ደግሞ ከጭንቅላቴ አይወጣም።

ውሃልክ ምሳ ሊበላ ሲወጣ ደብተሩን የኩሽናው መስኮት ላይ ይተወዋል። አንድ ሰኞ ደብተሩ ተገልጦ አገኘሁት። ላለመንካት እጄን ወደ ኋላ አደረግኩና ጎንበስ ብዬ አነበብኩ። ሲሚንቶና ምራቅ ይሸታል። ግን ጽሑፉ ትልልቅና ቀጥ ያለ ነበር፤ ለኔ ቢጤ ተማሪ ታስቦ የተጻፈ ይመስላል።

የመጀመሪያው መስመር ስለ ሴራሚክ ነው። ሁለተኛው ስለ ልጄ።

ያን ሳምንት በየቀኑ ምሳ ሰዓት አነበብኩ። ዓርብ ዕለት የሐሙሱን ገጽ ጨረስኩ። እኔ ይህችን ልጅ ያሳደግኳት የሰው እድፍ እያሸሁ ነው። እጄ በበረኪና ተልጦ፣ ማታ ዳቦ ስቆርስላት እጅሽ በረኪና በረኪና ይላል እያለች ታለቅስ ነበር። ከእድፍ ያወጣኋት ተመልሳ ከሲሚንቶ ጋር ልትኖር? ያ ጥፍር ጸጉሯን ሊነካ? ነገ ደግሞ ቅዳሜ ነው። ነገ ባልዲ ላይ ይቀመጣሉ። ደብተሩን ከእጁ ተቀብላ ራሷ ብታነበውስ?

ደብተሩን በሁለት ጣቴ አነሳሁት፣ የሞተ አይጥ እንደሚነሳ። መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ስፖንጁን የሚያጥብበት ባልዲ ነበር። ውሃው ግራጫ ነው፣ ወፍሯል፣ ላዩ ላይ ቆዳ ሠርቷል። ቆዳውን ቀድጄ ከተትኩት። አልጠልቅ ሲለኝ በመጥረጊያ እንጨት ወደ ታች ገፋሁት። አረፋ አወጣ። ገጾቹ አበጡ፣ ሰማያዊ ቀለሙ በግራጫው ውሃ ላይ እንደ ደም ሥር ተዘረጋ። ሲበቃው አውጥቼ የፍርስራሽ ከረጢት ውስጥ ወረወርኩት፤ ከሰዓት በኋላ መኪና መጥቶ ጭኖት ሄደ።

እጄን በሳሙና ታጠብኩ። ልብሴ ላይ ጠረግኩና ደግሜ አሸተትኩት። ሽታው አልለቀቀም።

*

ቅዳሜ ውሃልክ ደብተሩን ፍለጋ ቤቱን ሁሉ አመሰው። ከሴራሚክ ካርቶን ጀርባ፣ ከምድጃው ሥር፣ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ። ልጄ የገለበጠችው ባልዲ ላይ ስልኳን ይዛ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ጸጉሯን ተሠርታ ነበር፤ እሱ ግን ቀና ብሎ አላየም።

«መስኮቱ ላይ ነበር» አለ፣ ለአሥረኛ ጊዜ።

«ታዲያ ክንፍ አወጣ?» አለችው። ቀልድ ነበር፣ ግን ከአፏ ሲወጣ ቀዘቀዘ። «ስልክ ላይ አስገባ ስልህ ሳምንቱን ሙሉ ስቀህብኛል።»

«ሰኞ እንደገና ለክቼ እሰጥሻለሁ።»

«ተወው፤ ያለኝ ይበቃኛል።»

ተነሥታ ባልዲውን በእግሯ ገፋችው። እሱ ቆሞ ቀረ፣ አውራ ጣቱን ወደ አፉ አስጠግቶ። የሚገልጠው ገጽ አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት ውሃልክ የጎደለ ሴራሚክ ሊያመጣ ሄደ። እሱ ሳይመለስ መስታወትና ቁምሳጥን የሚገጥመው ሰው መሰርሰሪያውን ይዞ ቀድሞ መጣ። ልጄ ወደ ሥራ ልትወጣ ነበርና ቸኩላለች። ስልኳን ከፈተች። «ቧንቧው መቶ አስር ላይ ነው፤ አንተ መቶ አርባ ላይ ብሳ፣ ምንም የለም» አለችው።

እኔ ኩሽና ነበርኩ። ከመቶ አስር ወደ መቶ አርባ ተነሳ የሚለውን መስመር ሃያ ጊዜ ያነበብኩት እኔ፣ «መቶ አርባ» የሚለውን ቃል ሰማሁ። አፌን ከፈትኩ። የት አየሽው ብትለኝስ? ብዬ አሰብኩ። አፌን እስክዘጋ መሰርሰሪያው ጮኸ።

ውሃው ግድግዳውን ቀዶ ወጣ። ሰውየውን ደረቱን መታው፤ ልጄ ነጭ የሥራ ልብሷ ላይ ከግድግዳው ሆድ የወጣ ቡናማ ጭቃ ተረጨባት። የውሃ ቆጣሪው ጋ ደርሼ ስዘጋው መተላለፊያው ኩሬ ሆኖ ነበር። ያ የምጠላው ሽታ ተመልሶ መጣ፣ በአዲሱ ሴራሚክ ላይ።

ውሃልክ በሩ ላይ ሲደርስ ልጄ ጭቃው ከአገጯ እየተንጠባጠበ ቆማለች።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለችው፣ በቀስታ። ስትጮህ ይሻለኛል እንጂ ቀስ ስትል አልወድላትም።

«ጽፌዋለሁ። ረቡዕ ዕለት ነው ያነሳሁት፣ መሃል ላይ ብረት አጋጠመኝ። ቅዳሜ ልነግርሽ...»

«የት ላይ?»

«ደብተሩ ላይ።»

«ደብተሩስ?»

ቀና ብሎ አየኝ። አንዴ ብቻ። እኔ የመሬቱን ውሃ አየሁ።

«ጠፋ» አለ።

«ሁሌ ደብተሩ ላይ አለ! ደብተሩ ግን የለም!» አሁን ጮኸች። «ሥራ መሳሳት ይቅር ይባላል። ውሸት ግን ይቀፈኛል። እንዳንተ ያለ ሰው ቃሉ ቀጥ ያለ ይመስለኝ ነበር። ሂድልኝ።»

«እሺ» አለ። «ዕቃዬን ነገ እወስዳለሁ። ረቡዕ ሌላ ከተማ ሥራ አለኝ፣ ስድስት ወር ነው፤ አልሄድም ብያቸው ነበር። አሁን እሄዳለሁ።»

ጫማውን ደጃፉ ላይ ጠርጎ ወጣ፤ ከቤት ሲወጣ ጫማ የሚጠርግ ሰው አይቼ አላውቅም። ልጄ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ላቅፋት እጄን ዘረጋሁ፤ እጄን ሳየው መልሼ ሰበሰብኩት።

*

ልብስ ሰፊዋ ታናሽ እህቴ ከሰዓት በኋላ መጣች። ውሃውን ስንጠርግ ነገርኳት። መጥረጊያውን ጣለችው።

«እታለም! ዕድሜሽን ሙሉ ሳታነቢ ኖርሽ፣ ማንም ምንም አልጎደለበት። ማንበብ በቻልሽ በሁለት ዓመትሽ የሰው ልብ ሰርቀሽ ባልዲ ውስጥ ከተትሽ?»

«ለልጄ ብዬ ነው።»

«ለልጅሽ! ልጅሽ እኮ ሽንት የምትመረምር ናት፣ በምን ትጠየፋለች? የምትጠየፊው አንቺ ነሽ።»

«ጣቱን ሲልስ አላየሽውም።»

«አባታችን ምን ነበር?» አለችኝ በድንገት።

አባታችን ጫማ ሰፊ ነበር። ጣቶቹ በማስቲሽ ጠቁረው ማታም አይለቁም ነበር። መርፌውን በአፉ ይይዛል፣ ክሩን በምራቁ ያቀጥነዋል። ሲስመን ማስቲሽ እንሸት ነበር።

«እናታችን አንድ ቀን ብርጭቆውን በጨርቅ ስታነሳ አይተሻል?» አለች እህቴ።

ብርጭቆ ስትል ደነገጥኩ። የውሃልክን ብርጭቆ በጨርቅ እንደማነሳ አልነገርኳትም ነበር፤ ሻይ ስሰጠው አይታኛለች ማለት ነው። ደብተሩ ውስጥም ነበር። ያን መስመር ሳነበው ተናድጄ አልፌው ነበር፤ አሁን ግን ከሁሉ ጎልቶ መጣብኝ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ አስታወክሁ። ከግድግዳው ሽታ አልነበረም።

*

ማክሰኞ ጠዋት የትምህርት ቤት ደብተሬን አወጣሁና ከመሃሉ አራት ወረቀት ገነጠልኩ። ልጄ ግድግዳው እስኪጠገን ፈቃድ ወስዳ ቤት ነበረች፤ ክፍሏን ዘግታ ተቀምጣለች።

ዓይኔን ጨፍኜ ጣቴን በጠረጴዛው ላይ አስኬድኩት፤ መስመሩ መጣ። ጻፍኩት። ፊደሎቼ ይወላገዳሉ፣ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ነው፤ ውሃልክ ቢያያቸው በመለኪያው ያቃናቸዋል። ከዚያ በፊት ለራሴ ስምና ለቤት ሥራ ካልሆነ ለሰው የሚነበብ ነገር ጽፌ አላውቅም። እንዲህ ጻፍኩ፦

«ሰኞ። የበር በኩል ግድግዳ፣ አራት ረድፍ። ሁለት ሴራሚክ ተሰበረ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

ማክሰኞ። ውሃ ጠፍቶ ዋለ፣ ሥራ የለም። መምጣት አልነበረብኝም። መጣሁ። ሳቀች።

ረቡዕ። የመስታወቱ በኩል ቧንቧ ከመቶ አስር ወደ መቶ አርባ ተነሳ፣ መሃል ላይ ብረት አለ። ቅዳሜ ይነገራት።»

እዚህ ላይ እጄ ቆመ። የሚቀጥለው ስለ እኔ ነው። ብዘለው ማን ያውቃል? ቧንቧው ተጽፏል፣ የሚያስፈልጋት እሱ ነው አልኩ። እስክሪብቶውን ወደ ሐሙስ ወሰድኩት። መለስኩት። ደግሜ ወሰድኩት። በመጨረሻ ጻፍኩት።

«እትዬ ይጠየፉኛል። አይፈረድባቸውም። ሻይ ከመቀበሌ በፊት ሦስት ጊዜ እታጠባለሁ። ብርጭቆውን አሁንም በጨርቅ ነው የሚያነሡት።

ሐሙስ። ግድግዳው ተዘጋ። ሥራው በአሥር ቀን ያልቃል። ቀስ ብል ሃያ ይሆናል። ነውር ነው። በአሥር ቀን ይለቅ። ከዚያ በኋላ በምን ሰበብ እንደምመጣ አላውቅም።»

የልጄን በር አንኳኳሁ። ወረቀቱን ሰጠኋትና ቆምኩ። መጀመሪያ የቤት ሥራዬን ላሳርማት የመጣሁ መስሏት እስክሪብቶ ፈለገች። ከዚያ ማንበብ ጀመረች። ማክሰኞ ላይ ስትደርስ እጇ ወደ አፏ ሄደ። ረቡዕ ላይ ስትደርስ ተነሥታ ሜትር አነሳች፤ መታጠቢያ ቤት ገብታ ከወለሉ እስከ ተበሳው ቀዳዳ ለካች።

«መቶ አርባ» አለች፣ ለራሷ።

ተመልሳ መጣች። ሐሙስን ቆማ አነበበችው። ቀና ስትል ፊቷ እርጥብ ነበር።

«ይህን የት አገኘሽው?»

«አንብቤው ነበር። ደብተሩን... ባልዲ ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ፣ ልጄ።»

«የቱ ባልዲ?»

«ስፖንጁን የሚያጥብበት።»

ሥዕሉ ዓይኗ ውስጥ ሲመጣ አየሁት፤ ውሃው፣ ቆዳው፣ እንጨቱ። አፍንጫዋን ሸበሸበች።

«ሰኞ ሳባርረው እዚያ ቆመሽ ነበር።»

«ነበርኩ።»

«ውሸታም ስለው ሰማሽ።»

«ሰማሁ።»

«ዝም አልሽ።»

«ዝም አልኩ።»

«ያስጠላል፣ እማዬ» አለች። ታስጠያለሽ አላለችኝም፤ ብትለኝም እውነቷ ነበር። በዚያች በተወችልኝ ትንሽ ክፍተት ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ። እሷ አላባበለችኝም። ግን በሩንም አልዘጋችብኝም።

*

እኩለ ቀን ላይ ውሃልክ ዕቃውን ሊወስድ መጣ። ከደጃፉ አልዘለቀም። «መዶሻዬና መለኪያዬ ብቻ ናቸው፤ አቀብሉኝና ልሂድ» አለ።

ልጄ ወጣች። ወረቀቶቹን ዘረጋችለት። ተቀብሎ አነበበ፤ ጣቱን ሊልስ ሲል ዓይኑ እኔ ላይ አረፈና እጁን አወረደ። በሌላ ሰው ወልጋዳ ፊደል የራሱን ልብ ሲያነብ፣ ቀስ በቀስ አንገቱ ድረስ ቀላ።

«ቃሉ የኔ ነው» አለ። «እጁ የኔ አይደለም።»

«የኔ ነው» አልኩ። «ደብተርህን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ።»

«አውቄ ነበር፣ እትዬ።»

ልጄ ዞር አለች። «ታውቅ ነበር?»

«ቅዳሜ ወደ ማታ ዕቃዬን ስሰበስብ ባልዲው ጠርዝ ላይ የእስክሪብቶዬ ክር ተንጠልጥሎ ነበር።»

«ታዲያ ስሰድብህ ለምን አልተናገርክም!»

«ምን ልበልሽ? እናትሽ ናት ልበልሽ?» አለ። «ደብተር ይገዛል።»

ልጄ ሁለት እርምጃ ወደ እሱ ሄደች። ጭቃ የበዛበት ደጃፍ ላይ፣ በቤት ጫማ።

«ውሸታም ስልህ ያቃጠለኝ እኔኑ ነው» አለችው። «ሌሊቱን ስልኬን ከፍቼ ያነሳሁትን ፎቶ ሁሉ አየሁ። ሦስት መቶ ፎቶ አለ። ግድግዳ ነው ብዬ ያነሳሁት ሁሉ ውስጥ የአንተ ክንድ አለ፣ ትከሻህ አለ፣ የኮፍያህ ጫፍ አለ። ምን እያነሳሁ እንደነበር እስከ ትናንት አላወቅኩም።»

ውሃልክ መለኪያውን ከዚህ እጁ ወደዚያ እጁ አዛወረው። አረፋዋ ወዲያና ወዲህ ትሮጣለች።

«ነገ ትሄዳለህ?» አለችው።

«ግድግዳው ተበስቷል። እንዲህ ተበስቶ እያለ ጥዬ አልሄድም።»

«ስንት ቀን ይፈጃል?»

«ቢበዛ ሦስት ቀን።»

«ቀስ ብትልስ?»

መሬት መሬት አየ። «ነውር ነው» አለ።

ልጄ ሳቀች። ያ ሳቅ፣ ማክሰኞ ብሎ የጻፈው ሳቅ ይህ መሆን አለበት። ከዚያ እሱም ሳቀ፤ ጥርሱ ላይ ሳይቀር ነጭ አቧራ ነበር።

ሻይ ቀዳሁ። እጁን ሊታጠብ ወደ ቧንቧው ሲሄድ «ተወው፣ እንደሆንክ ተቀበለኝ» አልኩት። ተቀበለኝ። ሲጨርስ ብርጭቆውን ከእጁ ወሰድኩ፣ ያለ ጨርቅ። እውነቱን ልናገር፤ አሁንም ቀፈፈኝ። ጠርዙ ላይ ሲሚንቶ ነበር፣ ጣቱ ጣቴን ሲነካኝ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሻካራ ነው። ግን ብርጭቆውን አላስቀመጥኩትም። በመዳፌ ውስጥ ይዤው ቆየሁ። ትንሽ ቆይቶ ሙቀቱ ብቻ ቀረ። የአባቴ እጅ እንዲህ ይሞቅ ነበር።

«ወረቀቶቹን ፎቶ አንሺያቸው» አላት ውሃልክ። «በኋላ ቢጠፉስ?»

«መቶ አርባዋን አስገባታለሁ» አለች ልጄ፣ ወረቀቱን ደረቷ ላይ ይዛ። «ሌላው ስልክ ውስጥ አይገባም።»

«እንግዲያው ስጪኝ፣ ሐሙስ ላይ የጎደለ መስመር አለ።»

«የጎደለ የለም!» አልኩ። «እንደነበረው ነው የጻፍኩት!»

«አልጎደለብዎትም፣ እትዬ። ያን ቀን ፈርቼ ያልጻፍኩት ነው።»

እስክሪብቶዬን ተቀበለኝና ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ጻፈ። አጭር ነበር። ልጄ በትከሻው በኩል አነበበችው። የተበሳውን ግድግዳ ሊያዩ ተያይዘው ገቡ።

ወረቀቱ የኩሽናው መስኮት ላይ ቀረ፣ ተገልጦ። ደብተሩ ይቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ። እጄን ዘርግቼ ብደርስበት አንድ እርምጃ ነው። ፊደሎቹ ከቆምኩበት ይታዩኛል፣ ትልልቅና ቀጥ ያሉ፤ የመጀመሪያዋን ፊደል ከንፈሬ ሳላዘው ማለት ጀምሮ ነበር።

ከንፈሬን ነከስኩ። ወረቀቱን ሳላይ በመዳፌ ገለበጥኩትና፣ ነፋስ እንዳይወስደው፣ እሱ የጠጣበትን ብርጭቆ ላዩ ላይ አስቀመጥኩበት።